ቁልፉ በማን እጅ ነው? በወልቂጤና በቡታጅራ በጥበቃ ሥር የሚውሉ ልጆችና የድንገተኛ አደጋ ቅድመ ዝግጁነት

መግቢያ

ስለ ወጣት አጥፊዎች ፍትሕ በአገራችን የሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚያጠነጥነው በወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ፣ በችሎት ሥርዓትና በቅጣት ዓይነት ላይ ነው። ልጁ ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚያድርበት ክፍል በሌሊት ቢቃጠል፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ ተላላፊ በሽታ ቢገባበት ወይም በከተማው ሁከት ቢነሣ ማን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። የሕግ ተመራማሪው ጉዳዩን የሕንፃና የጥበቃ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል፤ የአደጋ ስጋት ባለሙያው ደግሞ የፍትሕ አካላት የውስጥ ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል። በሁለቱ መካከል ያለ ባለቤት የሚቀረው ልጁ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ አምጥቶ ይመለከተዋል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስዱት አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚገኙ የንግድ ከተሞች ናቸው። ለዓመታት በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ከቆዩ በኋላ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት በተከተለው አደረጃጀት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ከተሞቹ የተመረጡት የተለየ ጉድለት ስለታየባቸው አይደለም፤ እንደ እነርሱ ያሉ መካከለኛ ከተሞች የአገራችንን አጠቃላይ ሁኔታ ከአዲስ አበባ በተሻለ ስለሚያሳዩ፣ የክልሉና የዞኖቹ መሥሪያ ቤቶችም አሠራራቸውን ገና በመቅረጽ ላይ ስለሆኑ ነው።

የጽሑፉ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። በጥበቃ ሥር ላሉ ልጆች የሚደረግ የአደጋ ዝግጁነት ከሕንፃና ከበጀት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በየምሽቱ ለመመለስ በመቻል ይጀምራል፦ ዛሬ ሌሊት በዚህ ግቢ የሚያድሩት ልጆች እነማን ናቸው? የክፍላቸው ቁልፍ በማን እጅ ነው? በሩ ሲከፈት የሚቀበላቸው ማን ነው? ከሦስቱም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጁ በዚህ ክፍል ማደሩ በእርግጥ አስፈላጊ ነበርን?

«ተቋም» የምንለው የትኛውን ነው?

በሌሎች አገሮች ስለ ወጣት አጥፊዎች ተቋም ሲወራ የራሱ አጥር፣ አስተዳዳሪ፣ መምህርና በጀት ያለው ግቢ በአእምሮ ይመጣል። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበውና ለረጅም ዘመን ብቸኛ ሆኖ የቆየው በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የሚገኘው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያ ነው። ከዋና ከተማው ስንርቅ ሁኔታው ይለወጣል። በወንጀል የተጠረጠረ ልጅ በፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ቤት፣ የተፈረደበት ወይም በቀጠሮ ያለ ልጅ ደግሞ ለአዋቂዎች በተሠራ ማረሚያ ተቋም ውስጥ በአንድ ጥግ መቆየቱ የተለመደ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም ሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይህን ችግር በተለያየ ጊዜ አንሥተውታል።

ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ስለ ዝግጁነት ስንጠይቅ «የሕፃናት ማረሚያ» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበትን በር ብቻ ከፈለግን ጥያቄው ገና ከመነሻው ይከሽፋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 በውሳኔ ቁጥር 45/113 ያጸደቃቸውና በተለምዶ የሃቫና ደንቦች የሚባሉት ድንጋጌዎች የተሻለ መነሻ ይሰጡናል። በደንብ 11 መሠረት ነፃነትን ማጣት ማለት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በራሱ ፈቃድ ሊወጣ በማይችልበት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል በሆነ ስፍራ መቀመጥ ነው። በዚህ ትርጓሜ የፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል፣ በማረሚያ ተቋሙ ለታዳጊዎች የተከለለው ቤት፣ ልጅ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆለፍበት ቢሮ ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ይገባሉ። ምንም ጥፋት ሳይኖርባቸው ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር የሚኖሩ ሕፃናትም አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

የዕድሜ ክፍፍላችን ራሱ ልጆችን ከዕይታ ውጭ የማድረግ ጠባይ አለው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ልዩ ሥርዓት ያበጅላቸውና ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋር እንዳይያዙ በአንቀጽ 53 ይከለክላል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላው ግን የቅጣት ማቅለያው እንደተጠበቀ ሆኖ በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል። ይህ ልጅ በወንጀል ሕጉ አከፋፈል ወደ አዋቂው ቢጠጋም በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ግን ልጅ ነው፤ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ የሚያዝዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 3ም ይህን የዕድሜ መስመር አያሰምርም። በተግባር ሲታይ «አዋቂ» ተብሎ ከተመዘገበ የአደጋ ዕቅድ ቢኖር እንኳ በልጅነቱ የሚያስታውሰው አይኖርም።

ከደረሱ አደጋዎች ምን እንማራለን?

ለክርክራችን የሚቀርበው የአገራችን ክስተት በአዋቂዎች ማቆያ የደረሰ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሣ። በዚያ ከሚገኙት ብዙዎቹ ፍርድ ያላገኙ፣ በቀጠሮ ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት በመጀመሪያ የአንድ ሰው ሞት ካስታወቀ በኋላ፣ ከቀናት በኋላ በሰጠው መግለጫ የሟቾቹ ቁጥር 23 መሆኑን ገለጸ፤ 21ዱ በመረጋገጥና በጭስ በመታፈን፣ 2ቱ ለማምለጥ ሲሞክሩ መሞታቸውን አስረዳ። የተረፉት እስረኞች ወደ ሌሎች ማረሚያ ቤቶች ሲዛወሩ ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን በሕይወት መኖር ለማወቅ በየበሩ ሲጠብቁ ቀናት አለፉ። ስለ እሳቱ መነሻ ብዙ ተብሏል፤ በፍርድ ቤትም ክስ ተመሥርቶበታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ትምህርት ከመነሻው በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው። በጭስ መታፈንና መረጋገጥ የመውጫ መንገድ ጥያቄ ነው፤ የቤተሰብ ደጅ ጥናት ደግሞ የስም ዝርዝር ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ክስተት የሕፃናት ነው። በጓቴማላ፣ ሳን ሆሴ ፒኑላ በተባለ ስፍራ በሚገኝ የመንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ልጆች ስለ አያያዛቸው በማመፅ ከግቢው ወጥተው ከተመለሱ በኋላ 56 ልጃገረዶች በአንድ ክፍል ተቆለፈባቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2017 ጠዋት በክፍሉ ውስጥ በፍራሽ ላይ እሳት ተነሣ፤ በሩ በጊዜው አልተከፈተም፤ 41 ልጃገረዶች ሞቱ። ክፍሉን የሚጠብቁ ፖሊሶች በቅርብ ነበሩ፤ ቁልፉም ነበረ። ያልነበረው «ጭስ ሲታይ በሩ ወዲያው ይከፈታል፤ ስለ ማምለጥ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው» የሚል የማያሻማ ትእዛዝ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር፣ ልጃገረዶቹ እንዲቆለፉ ምክንያት የሆነው ራሱ የማምለጥ ስጋት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ክስተት ሀብት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ከመምታቱ በፊት፣ በከተማው የወጣቶች ማቆያ የነበሩ ልጆች ለደኅንነታቸው ተብሎ ወደ አዋቂዎች እስር ቤት ተዛወሩ። ጎርፉ የገባው በዚያው እስር ቤት ነው። በቀጣዩ ዓመት በሉዊዚያና የወጣቶች ፍትሕ ተሟጋቾች ያወጡት ዘገባ ልጆቹ ያለ ምግብና ያለ ንጹሕ ውኃ በጎርፍ ውስጥ መቆየታቸውን ከራሳቸው አንደበት መዝግቧል። የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት ለወጣት አጥፊዎች ማቆያዎች የተለየ የአደጋ ዕቅድ መመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከአደጋው ከስድስት ዓመታት በኋላ ነው።

ሦስቱ ክስተቶች በአገር፣ በሀብትና በአደጋው ዓይነት ይለያያሉ፤ የወደቁበት ቦታ ግን ተቀራራቢ ነው። በአንዱ ዝርዝሩ፣ በሌላው ቁልፉ፣ በሦስተኛው የመድረሻው ስፍራ አስቀድሞ አልታሰበበትም።

ሦስቱ ጥያቄዎች በሁለቱ ከተሞች

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዝርዝሩ ነው። በማረፊያ ቤት የሚያድር ልጅ በመዝገብ መግባቱ አይቀርም፤ መዝገቡ ግን የሚቀመጠው ሊቃጠል በሚችለው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ዕድሜም ሌላ ችግር አለው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ዛሬ በወንጀል ሊጠየቁ ከሚችሉት ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው የ16 ዓመት ልጅ በመልኩ ወይም በቁመቱ ተገምቶ «18» ተብሎ ሲጻፍ ከልጆች ዝርዝር ይወጣል።

ይህ ጉድለት በቡታጅራ ሲታሰብ የሚያስገርም ንጽጽር ይፈጥራል። በቡታጅራ ዙሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም ለአሥርተ ዓመታት በተመረጡ ቀበሌዎች የእያንዳንዱን ቤተሰብ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ኖሯል። ብዙ የአገራችን የጤና ተመራማሪዎች የሠለጠኑት በዚያ መዝገብ ላይ ነው። ማን የት እንዳለ በትክክል መቁጠር በዚህ አካባቢ እንግዳ ዕውቀት አለመሆኑን ይህ ያሳያል። የሚጎድለው ያንኑ ጥንቃቄ በማረፊያ ቤት ለሚያድር ልጅ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቁልፉ ነው። በትናንሽ ጣቢያዎች ሌሊት የሚቀሩት ተረኞች ጥቂት ናቸው። ተረኛው ለሌላ ጥሪ ከወጣ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል ወይስ በግቢው ይቀራል? ሁለተኛ ቁልፍ አለ? ካለስ የት እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የቀን ጎብኚ የሚያያቸው አይደሉም። በተለይ በክረምቱ ማብቂያና በመስቀል ሰሞን ይከብዳሉ። መስቀል ለጉራጌ የቤተሰብ መሰብሰቢያ በመሆኑ ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ መንገዱ በተጓዥ የሚጨናነቅበት፣ ደመራ የሚለኮስበት ወቅት ነው። የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍትም ለዚሁ ወቅት ስለሚቀርብ መደበኛ ችሎት በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። ዕቅድ የሚፈተነው የሰው ኃይል በተሟላበት የሥራ ቀን ሳይሆን በእንዲህ ያለው ሌሊት ነው።

ከቁልፉ ጋር ውኃ ይነሣል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ነዋሪዎች የውኃ እጥረትን በመቃወም አደባባይ በወጡበት ጊዜ የሰው ሕይወት መጥፋቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማስታወቁ ይታወሳል። የዚያ ክስተት ሁለት ገጽታዎች ጉዳያችንን በቀጥታ ይነካሉ። አንደኛ፣ የቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ እንደሚኖር የሚገምት የእሳት መከላከያ ዕቅድ ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ዕቅድ ሊባል አይችልም፤ የተጠራቀመ ውኃ፣ አሸዋና የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሁከት ሲነሣ የፖሊስ ኃይል ወደ ጎዳና ስለሚወጣ ጣቢያው የሰው ኃይሉ በሚሳሳበት ሰዓት በአዳዲስ ተያዦች፣ ምናልባትም በልጆች፣ ይሞላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ተቀባዩ ነው። ወደ ሁለቱ ከተሞች ልጆች ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከጉመር፣ ከእነሞር፣ ከመስቃን፣ ከሶዶ፣ ከስልጤና ከሌሎችም አካባቢዎች ይመጣሉ፤ ጫማ ይጠርጋሉ፣ ሱቅ በደረቴ ይይዛሉ፣ በዘመድ ሱቅ ይላላካሉ። የአንዱ ልጅ እናት በገጠር፣ አባት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ አስጠጊው አጎት ደግሞ እዚያው ከተማ ሊሆኑ ይችላሉ። ቋንቋም ይለያያል፤ በአማርኛ ብቻ የሚነገር «ውጡ፣ እዚህ ቁሙ» የሚል ትእዛዝ በድንጋጤ ሰዓት ለአንዳንዱ ልጅ ላይገባው ይችላል። በተጨማሪ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ አካባቢ እንደታየው ያለ ግጭት በተነሣ ጊዜ ልጅን ከበር አውጥቶ «ሂድ» ማለት ለሌላ አደጋ ማጋለጥ ይሆናል። ስለዚህ የተቀባዩ ማንነትና የሚሄድበት መንገድ በሰላሙ ጊዜ መታወቅ አለባቸው።

ሕጉ አስቀድሞ የሰጠው መፍትሔ

ዝግጁነት ሲባል ወዲያው የሚታሰቡት የእሳት ማጥፊያና የማስጠንቀቂያ ደወል ናቸው። የሃቫና ደንቦች ደንብ 32ም ሕንፃዎች የእሳት አደጋን የሚቀንሱና በደኅና ለመውጣት የሚያስችሉ እንዲሆኑ፣ ደወል እንዲኖር፣ የአወጣጡ ሥርዓትም በተግባር ልምምድ የተፈተነ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ የልጁን አደጋ ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው በክፍሉ የሚያድርባቸውን ሌሊቶች ቁጥር መቀነስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ሕግ አንጠብቅም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 ወጣት አጥፊ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ የሚተላለፍ ከሆነም ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ፣ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው በኃላፊነት እንዲሰጥ መርሕ አስቀምጧል። የሕጉ አርቃቂዎች ስለ አደጋ ዝግጁነት አስበው እንደጻፉት አይገመትም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ለአጎቱ የተሰጠ ልጅ በማረፊያ ቤት እሳት አይጎዳም። ስለዚህ አንቀጽ 172ን መፈጸም የመብት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ርካሹና አስተማማኙ የአደጋ መከላከያ እርምጃም ነው።

በአደጋ ጊዜ ሰዎችን ከማረሚያ ማውጣት የሚቻል መሆኑን ከቅርብ ታሪካችን አይተናል። የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በተከሠተ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ 4,011 ታራሚዎች በይቅርታ እንዲለቀቁ ተወስኗል፤ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ሕፃናት የያዙ እናቶች ይገኙበታል። እርምጃው የሚመሰገን ነበር። ነገር ግን ይቅርታ የሚደርሰው ለተፈረደበት ሰው ነው። ገና ያልተፈረደበት፣ በጊዜ ቀጠሮ ያለ ልጅ የይቅርታ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም፤ ለእርሱ መፍትሔው በአቅራቢያው ባለው ዳኛ እጅ ነው። ዳኛው በሌሊት ወይም በበዓል ቀን እንዴት እንደሚገኝ አስቀድሞ ካልተወሰነ ግን ሕጉ የሰጠው በር በአደጋው ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የማምለጥ ስጋት ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀመጥና በሩን ቶሎ እንዲከፍቱ ተረኞችን ማዘዝ ልጆች ሆን ብለው እሳት እንዲያስነሡ ያበረታታል የሚል ክርክር ይቀርባል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ጥበቃ የተጣለበት መኰንን ልጅ ቢጠፋበት እንደሚጠየቅ ያውቃል። ሆኖም የሁለቱ ጥፋቶች ክብደት አይተካከልም። የጠፋ ልጅ ሊፈለግ ይችላል፤ የሞተ አይመለስም። መኰንኑ በሩን በመክፈቱ ምክንያት ልጅ ቢጠፋ እንደማይቀጣ በጽሑፍ ካልተረጋገጠለት ግን በዚያች ደቂቃ ማመንታቱ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ጥበቃ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለመኰንኑም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጆቹ ቁጥር አነስተኛ ነው የሚል ነው። በአንድ ሌሊት በአንድ ጣቢያ የሚያድሩት ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንዳንድ ሌሊትም ላይኖሩ ይችላሉ። ይህ ግን ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። መቶ ልጆች ያሉበት ተቋም መኖሩን ሁሉም ስለሚያውቅ ጥያቄ ያስነሣል። ሁለት ልጆች ያሉበትን ክፍል ከተረኛው በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ቁጥሩ ሲያንስ መረሳቱ ይቀላል፤ ሥራውም የዚያኑ ያህል ይቀላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመልካም አሳብ የሚመነጭ ነው፦ በመጀመሪያ በክልሉ ዘመናዊ የወጣቶች ጠባይ ማረሚያ ይሠራ፣ ሌላው በዚያ ይስተካከላል የሚል። የተለየ ተቋም አስፈላጊነት አያከራክርም። ነገር ግን ሕንፃው እስኪሠራ በሚያልፉት ዓመታት ውስጥ ልጆች በማረፊያ ቤት ማደራቸውን አያቆሙም። ከተሠራም በኋላ የተያዘው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያሳልፈው በከተማው ጣቢያ ነው። በተጨማሪም ክልሉ አንድ ትልቅ ማዕከል ብቻ ቢገነባ ልጆች ከቤተሰባቸው ይርቃሉ። የሃቫና ደንቦች ደንብ 30 ተቋማቱ ጥቂት ልጆችን የሚይዙ፣ ለቤተሰብ ቅርብ የሆኑና ያልተማከሉ እንዲሆኑ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተሰብ ቅርብ ሲሆን በአደጋ ጊዜ ተቀባዩም ቅርብ ነው።

ለሁለቱ ከተሞች የሚቀርቡ ሐሳቦች

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት የሚከተሉት ስድስት እርምጃዎች ቀርበዋል። አብዛኞቹ ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ውሳኔና ክትትል ነው።

1. የምሽት ዝርዝር። በየምሽቱ በየጣቢያውና በየማረሚያ ተቋሙ የሚያድሩ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ሁሉ ስም፣ ራሳቸው የተናገሩት ዕድሜ፣ የሚናገሩት ቋንቋ፣ ያለባቸው ሕመም፣ የክፍላቸው ቁጥርና የቤተሰብ ስልክ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ በሌላ ኃላፊ እጅ ይቀመጥ። ዕድሜው ያጠራጠረ ልጅ እስኪጣራ ድረስ ልጅ ነው ተብሎ ይያዝ። ዝርዝሩ ምስጢራዊ ሆኖ ከተባሉት ኃላፊዎች በቀር ለማንም አይታይ።

2. ሁለት ቁልፍና የጽሑፍ ትእዛዝ። ልጆች ያሉበት ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ ከግቢው በማይወጣ ሰው እጅ ይሁን። ጭስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ ሲከሠት ተረኛው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ በሩን እንዲከፍት የሚያዝዝና በቅን ልቡና በመክፈቱ እንደማይጠየቅ የሚያረጋግጥ ትእዛዝ ከክልሉ ፖሊስና ማረሚያ አካላት ይውጣ።

3. የታወቀ መሰብሰቢያና ተለዋጭ ስፍራ። ከሕንፃው የሚወጡ ልጆች የሚቆሙበት ግልጽ ሜዳ በግቢው ውስጥ ወይም በአጠገቡ ይለይ። ሰፊውን ጀፎረ ለሰፈር መሰብሰቢያ አድርጎ ለኖረ ማኅበረሰብ የዚህ አስፈላጊነት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ግቢው ከጥቅም ውጭ ቢሆን ልጆቹ የሚያድሩበት ሌላ ስፍራ ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም የጤና ተቋም ጋር በስምምነት ይወሰን። ወደ አዋቂዎች ክፍል ማዛወር እንደ አማራጭ አይያዝ።

4. ተረኛ ዳኛና የታመኑ ሰዎች መዝገብ። ፍርድ ቤቶች በሌሊት፣ በበዓልና በዕረፍት ወቅት ልጅን ለተቀባይ ለማስረከብ የሚያዝዝ ዳኛ በስልክ የሚገኝበትን መንገድ ያመቻቹ። በሕጉ «የታመነ ሰው» የተባለው በድንገት የሚፈለግ እንዳይሆን በየቀበሌው ፈቃደኛ የሆኑና ማንነታቸው የተጣራ ሰዎች አስቀድመው ይመዝገቡ። እድሮች የአባላቶቻቸውን ቤት ያውቃሉ፤ መልእክትንም በአጭር ሰዓት ያደርሳሉ። የጆካ ሸንጎና የጎርደና ሴራ ሥርዓትን ያቆየው ማኅበረሰብም የዋስትናና የአደራ ትርጉም አይጠፋውም። ሆኖም ምርጫው በሽማግሌ አመኔታ ብቻ ሳይወሰን በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ መጣራት አለበት። ልጁ ከተበዳዩ ወገን ጋር ያለው ሁኔታም ይታይ።

5. ልምምድ። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሌሊት፣ አንዱ ከመስቀል በፊት፣ ከማንቂያ ጥሪ እስከ መጨረሻው በር መከፈት ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካ። ውጤቱ ለዞኑ አስተዳደርና ለአደጋ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቅረብ።

6. ለቤተሰብ ቀድሞ ማሳወቅ። አደጋ ከደረሰ የልጁን ሁኔታ በመጀመሪያ ለቤተሰቡ የሚነግር አንድ ኃላፊ በስም ይመደብ። ቤተሰብ ከመገናኛ ብዙኃን ወይም ከወሬ እንዳይሰማ ማድረግ የሰብዓዊ ክብር ጉዳይ ነው።

እነዚህን ሥራዎች የሚያስተባብር ባለቤት መኖሩ ወሳኝ ነው። ጣቢያው የፖሊስ፣ ማረሚያው የማረሚያ አካል፣ ዳኛው የፍርድ ቤት፣ የልጁ ደኅንነት የሴቶችና ሕፃናት መሥሪያ ቤት፣ አደጋው ደግሞ የአደጋ ስጋት አመራር ጉዳይ ነው ሲባል ልጁ የማንም ጉዳይ ሳይሆን ይቀራል። በጸሐፊው እምነት አስተባባሪነቱ ለዞኑ አስተዳደር ቢሰጥ፣ አፈጻጸሙንም የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያዎችንና ጣቢያዎችን በሚጎበኝበት ጊዜ ቢመረምር ተገቢ ይሆናል። ኮሚሽኑ በጉብኝቱ ላይ «ስንት ልጆች አሉ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው?» የሚለውን ቢጨምር ብዙ ነገር ይገለጣል።

ማጠቃለያ

ይህ ጽሑፍ ያነሣው ጉዳይ ለተመራማሪዎችም ክፍት የሥራ መስክ ነው። የሕግ ተማሪ አንቀጽ 172 በሁለቱ ከተሞች ፍርድ ቤቶች እንዴት እንደተፈጸመ ከመዝገብ ሊያጠና ይችላል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የማረፊያ ክፍሎቹን በር፣ መስኮትና ግድግዳ ከእሳትና ከመሬት መንቀጥቀጥ አንጻር ሊመረምር ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ለምትገኘው ቡታጅራ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ በተጨናነቀ ክፍል የሚዛመቱ በሽታዎችን፣ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ደግሞ ልጅ ተቀባይ ቤተሰቦችንና እድሮችን ሊያጠኑ ይችላሉ። በጉብሬ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለቦታው ካለው ቅርበት የተነሣ እነዚህን የትምህርት ክፍሎች በአንድ ጥናት ለማሰባሰብ የተመቸ ነው።

ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ግን ሁሉም ነገር መጠበቅ የለበትም። የምሽቱን ዝርዝር በሁለት ቅጂ መጻፍ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽና የልጁን አጎት ስልክ መያዝ ነገ ማታ ሊጀመሩ ይችላሉ። ከዚያም በፊት ተረኛው መኰንን ልጁን ከመቆለፉ አስቀድሞ ለማን ሊያስረክበው እንደሚችል ቢጠይቅና ዳኛውም ያንኑ ቢጠይቅ፣ ከሚዘረዘሩት ስሞች አንዳንዶቹ በዝርዝሩ ላይ መጻፍ አያስፈልጋቸውም።